የዋይት ሀውስ የአይሁድ ሊየዘን ፋይሎች፦ ካርተር፣ ሬገን፣ ቡሽ ወይስ ቀጥታ ኒውዮርክ?

ባለፈው አንድ የማስተርስ ተማሪ ደወለልኝ፣ ወላጆቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የወጡ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች ናቸው። "ዋይት ሀውስ ውስጥ ስለኛ ምን እንደተባለ የሚያሳይ ወረቀት የት ነው ያለው? የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ፣ ትኬት ልቆርጥ ነው" አለኝ። ትኬቱን ቆይ አልኩት። እኔ ራሴ የዛሬ ስንት አመት ማንንም ሳልጠይቅ ተነስቼ ሄጄ ሶስት ቀን ሙሉ የሮሽ ሀሻና (የአይሁድ አዲስ አመት) የእንኳን አደረሳችሁ ደብዳቤ ረቂቅ ሳገላብጥ ከርሜ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ወረቀቱ ምንም አላጠፋም፣ አንዱን ጥያቄ ይዤ የሌላ ጥያቄ መልስ ያለበት ቤት ሄጄ ነው። ስለዚ ለልጁ በስልክ ያልኩትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ሌላም ሰው እንደኔ እንዳይከስር። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እዛ ወረቀቱ ላይም እንደዛ ስለሆነ አልቀየርኩትም።

መጀመሪያ ሊየዘን የሚባለው ነገር። ዋይት ሀውስ ውስጥ ከማህበራት፣ ከሃይማኖት ድርጅቶች፣ ከሰራተኛ ማህበር፣ ከየብሄረሰቡ ጋር የሚገናኝ ክፍል አለ፣ ፐብሊክ ሊየዘን ይባላል፣ በወጉ ቢሮ ሆኖ የተቋቋመው በፎርድ ጊዜ 1974 ላይ ነው። ስራው ግን ከስሙ ይቀድማል። ትሩማን ዴቪድ ናይልስ የሚባል ሰው ነበረው፣ ኒክሰን ደግሞ ሌናርድ ጋርመንትን። ስራው ምንድነው ካላችሁ የአይሁድ ማህበር መሪዎችን ቤተመንግስት ማስገባት፣ ቅሬታቸውን ሰምቶ ወደላይ ማድረስ፣ ከላይ የተወሰነውን ደግሞ ወደታች ወስዶ ማስረዳት። እኛ ሀገር ሽማግሌ ሆኖ መሀል የገባ ሰው ከሁለቱም ወገን እንደሚወቀሰው ማለት ነው። ማርክ ሲግል የካርተር ሊየዘን ነበር፣ ካርተር ለሳውዲ 60 ኤፍ 15 ጀት ሊሸጥ ሲል ያንን ይዞ ማህበረሰቡ ፊት መቆም አልቻለም፣ ማርች 1978 ስራውን ለቀቀ። ሽያጩ ሜይ ላይ ሴኔት ውስጥ 54 ለ44 አለፈ።

እና ፎልደሩ ውስጥ ምን ይገኛል? የስብሰባ ጥሪ፣ የእንግዳ ዝርዝር፣ ፕሬዝዳንቱ እጁ ላይ የሚይዘው የንግግር ነጥብ፣ ከራባይ የመጣ ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ቁራጭ (ብዙ፣ በጣም ብዙ)፣ ከዛ መሀል አንዳንዴ አንድ ገጽ ሜሞ "እነዚህ ሰዎች ተቆጥተዋል፣ ምክንያቱም..." የሚል። ለዛ አንድ ገጽ ነው ሰው የሚሄደው። የማይገኘው ደግሞ ውሳኔው ነው። አውሮፕላን ይላክ አይላክ የሚባለው የተወሰነው ብሄራዊ ደህንነት ምክር ቤትና ስቴት ዲፓርትመንት ነው፣ ሊየዘኑ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ይሄን ሳያውቁ ሄደው "ምንም የለም" ብለው የሚመለሱ ሰዎች አሉ።

ምርጫውን በትክክል የሚወስነው ህጉ ነው

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለኔ ግን ከአየር ትኬቱ ዋጋ በላይ የሚያስፈልግ ነገር ነው። እስከ ካርተር ድረስ የፕሬዝዳንት ወረቀት የፕሬዝዳንቱ የግል ንብረት ነበር፣ ወስዶ በስጦታ ነው ለመንግስት ቤተ መዛግብት የሚሰጠው (ኒክሰን ሲቀር፣ የሱን 1974 ላይ በህግ ነው የወሰዱበት)። 1978 ላይ አዲስ ህግ ወጣና ከጃንዋሪ 20 ቀን 1981 ጀምሮ፣ ማለትም ከሬገን ወዲህ፣ ወረቀቱ የህዝብ ሆነ።

"የህዝብ ሆነ" ሲባል የሚከፈት ይመስላል አይደል? በተግባር ግን ተቃራኒው ነው የሆነው ማለት ይቻላል። የካርተር በስጦታ ስለመጣ አርኪቪስቶቹ፣ ማለትም የመዛግብቱ ሰራተኞች፣ ከአንድ ጫፍ ጀምረው እስከሌላው ጫፍ በተራ እያነበቡ ነው የከፈቱት፣ ቁጭ ብላችሁ ፎልደር በፎልደር መሄድ ትችላላችሁ። ከሬገን ወዲህ ያለው ግን በአብዛኛው የሚከፈተው ሰው ሲጠይቅ ነው፣ ፎያ በሚባለው የመረጃ ነፃነት ህግ ማመልከቻ። ከናንተ በፊት አንድ ፕሮፌሰር "የአይሁድ ሊየዘን ፋይል ይከፈትልኝ" ብሎ ከሆነ ተከፍቶ ይጠብቃችኋል፣ ማንም ካልጠየቀ ደግሞ እናንተ ጠይቃችሁ ወረፋ ትገባላችሁ፣ ወረፋው የሳምንት አይደለም፣ የአመታት ነው። ስለዚ ከሬገን ወዲህ ላለው የፕሬዝዳንት ላይብረሪ (የየፕሬዝዳንቱ ወረቀት የሚቀመጥበት ቤት ነው) የመጀመሪያ ኢሜላችሁ "ምን አላችሁ" ሳይሆን "ምን የተከፈተ አላችሁ" መሆን አለበት። አንዲት ቃል ናት፣ ግን አንድ ሳምንት ታተርፋለች።

ሌላው 12 አመት የሚባለው ነገር ነው። ፕሬዝዳንቱ ስልጣን ከለቀቀ 5 አመት በኋላ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል፣ እስከ 12 አመት ግን አማካሪዎቹ ለሱ የጻፉትን የምክር ሜሞ መያዝ ይችላል። የሬገን 12 አመት ያለቀው 2001 መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ያኔ ልጅየው ቡሽ አዲስ ትእዛዝ አወጣና ነገሩን አጓተተው፣ ኦባማ ስራ በጀመረ ማግስት 2009 ላይ ሻረው። አሁን እሱ ችግር የለም፣ ግን በ2003 የተጻፈ ጥናት "ይሄ ዝግ ነው" ካላችሁ አትመኑት፣ እንደገና ጠይቁ።

ካርተር፣ አትላንታ

ጥያቄያችሁ "ሊየዘን እንዴት ነው የሚሰራው፣ ማህበረሰቡና ፕሬዝዳንቱ እንዴት ተጣሉ እንዴት ታረቁ" ከሆነ እኔ ያለማመንታት አትላንታ ነው የምለው። አራት አመት ብቻ ነው፣ ግን ያልሆነ ነገር የለም። ከሲግል በኋላ ኤድ ሳንደርስ መጣ፣ ከዛ አልፍሬድ ሞዝስ፣ የነሱ ቢሮ ወረቀት ራሱን ችሎ ተቀምጧል። ጎን ለጎን የስቱዋርት አይዘንስታትን፣ ማለትም የሀገር ውስጥ ፖሊሲ አማካሪውን፣ ፋይል ማየት ግድ ነው፣ ብዙው ነገር በሱ በኩል ነው ያለፈው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የጀት ሽያጩ ፀብ ገና ሳይበርድ፣ ሜይ 1 ቀን 1978፣ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናሄም ቤጊን ዋይት ሀውስ መጥቶ እስራኤል 30 አመት የሞላችበት ሲከበር ካርተር የሆሎኮስት ኮሚሽን አቋቁማለሁ አለ። ሰብሳቢው ከሆሎኮስት የተረፈው ደራሲ ኤሊ ቪዘል ሆነ፣ ሪፖርቱ ሴፕቴምበር 1979 ቀረበ፣ ዛሬ ዋሽንግተን ያለው ሙዚየም 1993 የተከፈተው ከዛ ተነስቶ ነው። እና ይሄ ከልብ ነበር ወይስ ማስታረቂያ? ሁለቱንም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እናንተ ግን የሌላ ሰው መጽሐፍ ሳትጠብቁ ሜሞውን በቀን ቅደም ተከተል ከጀቱ ፋይል አጠገብ አስቀምጣችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እንደዚህ አይነት ነገር የሚቻለው በተራ የተከፈተ ስብስብ ላይ ነው፣ በፎያ ቁርጥራጭ ላይ አይቻልም።

ከዛ 1979 ኦገስት አለላችሁ፣ አንድሪው ያንግ ከፒኤልኦ (የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት) ሰው ጋር ተገናኝቶ ከተባበሩት መንግስታት አምባሳደርነቱ የለቀቀበት፣ ጥቁሮችና አይሁዶች የተቀያየሙበት። ከዛ ደግሞ ማርች 1 ቀን 1980፣ አሜሪካ የእስራኤልን ሰፈራ በሚያወግዝ ውሳኔ ላይ ድጋፍ ሰጥታ በሁለት ቀን ውስጥ "በስህተት ነው" ያለችበት፣ በዛው ወር ካርተር የኒውዮርክን ቅድመ ምርጫ በሴናተር ቴድ ኬኔዲ ተሸነፈ። ሊየዘን የሆነ ሰው በዛ ወር ምን እንደሚጽፍ ገምቱት።

ስለ ቤተ እስራኤል ግን ከዚህ ቤት ብዙ አትጠብቁ። ያኔ ጉዳዩ ገና ዋሽንግተን በደንብ አልደረሰም። አትላንታ የምትሄዱ ከሆነ ሌላው ጥሩ ነገር ምሳ ነው፣ ክላርክስተን አካባቢ እንጀራ አይቸግርም።

ሬገን፣ ሲሚ ቫሊ

እዚህ ወረቀቱ ይበዛል፣ ስምንት አመት ነው፣ ላይብረሪው በጠቅላላ ወደ 60 ሚሊዮን ገጽ ይይዛል። የሊየዘኖቹ ስም ጄኮብ ስታይን፣ ከዛ ማይክል ጌል፣ ከዛ ማርሻል ብሬገር፣ ከዛ ማክስ ግሪን ነው፣ እነዚህን ስሞች ያዙ፣ ምክንያቱም የላይብረሪው ዝርዝር በሰው ስም ነው የተደረደረው እንጂ በርእስ አይደለም። "የአይሁድ ማህበረሰብ" ብላችሁ ብትፈልጉ አንዱን ታገኛላችሁ ሌላው ያመልጣችኋል። ከዛ ውጪ ማእከላዊ ፋይል የሚባል አለ፣ እሱ በኮድ ነው የሚሄደው፣ ሃይማኖት የራሱ ኮድ አለው፣ ሰብአዊ መብት የራሱ፣ ሀገሮች የራሳቸው። ዝርዝሩ ላይ ደመቅ ብሎ የተጻፈው የፎልደር ስም ክፍት ነው ማለት ነው።

ለንባብ የሚመቹት ሶስት አጋጣሚዎች ናቸው። አንደኛው የአዋክስ፣ ማለትም የራዳር አውሮፕላን፣ ለሳውዲ ሽያጭ ነው፣ ኦክቶበር 1981 ሴኔት ውስጥ 52 ለ48 አለፈ። ሁለተኛው ቢትቡርግ ነው። ሬገን ጀርመን ሄዶ የናዚ ኤስኤስ ወታደሮች ጭምር የተቀበሩበት መቃብር ሊጎበኝ ነው ተባለ፣ ቪዘል ኤፕሪል 19 ቀን 1985 እዛው ዋይት ሀውስ ውስጥ ሜዳሊያ ሊቀበል ቆሞ በካሜራ ፊት ያ ቦታ ያንተ ቦታ አይደለም አለው፣ ሬገን ግን ሜይ 5 ሄደ። ሊየዘኑ ብሬገር ነበር፣ መሀል ላይ የተቃጠለው እሱ ነው። ሶስተኛው የሶቪየት አይሁዶች ጉዳይ ነው፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1987 ጎርባቾቭ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው 250 ሺ ሰው ገደማ ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ወጣ። በዚህ ጉዳይ ቤተመንግስቱና ማህበረሰቡ ባብዛኛው አንድ ልብ ስለነበሩ ፋይሉ ውስጥ ፀብ ትንሽ ነው፣ እንዴት አብረው እንደሰሩ ነው የምታዩት።

አሁን የኛ ነገር። ቤተ እስራኤልን በሚስጥር ከሱዳን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው ኦፕሬሽን ሙሴ ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ተጀምሮ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ወሬው ስለወጣ ቆመ፣ 8 ሺ የሚጠጋ ሰው ከካርቱም በብራሰልስ አድርጎ ወጣ። የቀሩት ሱዳን ካምፕ ውስጥ ተንጠልጥለው ቀሩ። ከዛ መቶውም ሴናተሮች ፈርመው ለሬገን ደብዳቤ ጻፉ፣ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ቡሽ ማርች ላይ ሱዳን ሄዶ ፕሬዝዳንት ኒሜሪን አነጋገረ፣ ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ገዳሪፍ አጠገብ አርፈው ወደ 500 የሚሆን ሰው ቀጥታ እስራኤል አደረሱ። ልጁ የሚፈልገው ይሄንን ነው። እና ሁሉም ሰው "ሬገን ጊዜ ስለሆነ ሬገን ላይብረሪ" ብሎ ወደ ካሊፎርኒያ ይበራል።

ግማሹ እዛ የለም! ቡሽ ምክትል ሆኖ የሰራባቸው የስምንት አመታት የቢሮው ወረቀት ያለው ሲሚ ቫሊ ሳይሆን ቴክሳስ የራሱ ላይብረሪ ውስጥ ነው። የሱዳን ጉዞው ፋይል የምክትል ፕሬዝዳንት ፋይል ነው። ይሄን እኔም የሰማሁት ሄጄ ከከሰርኩ በኋላ ነው፣ አንዲት አርኪቪስት ናት ፈገግ ብላ የነገረችኝ።

ሲሚ ቫሊ ደግሞ ተራራ ላይ ነው፣ ያለ መኪና አትሞክሩት። ሎስ አንጀለስ ዘመድ ካላችሁ የሚያደርሳችሁ ሰው ለምኑ።

አባትየው ቡሽ፣ ኮሌጅ ስቴሽን

ትንሽ ከተማ ናት፣ ከሂውስተን ሁለት ሰአት ገደማ በመኪና፣ ላይብረሪው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ብዙ ሰው አይሄድም፣ በኔ ግምት ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከፕሬዝዳንት ላይብረሪዎች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ምክንያቱ 1991 ነው። መንግስቱ ሜይ 21 ወጣ፣ ሜይ 24 እና 25 ላይ በ36 ሰአት ውስጥ ከ14 ሺ በላይ ሰው (14,325 ነው የሚባለው) ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዘ፣ አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1 ሺ በላይ ሰው ጫነ። ከዛ በፊት ያለው የድርድር ታሪክ ግን በኛ በኩል የሚወራው በመንግስቱ ሰው በካሳ ከበደና በእስራኤል ተደራዳሪ በኡሪ ሉብራኒ ስም ነው፣ ለኢትዮጵያ መንግስት የተከፈለው የ35 ሚሊዮን ዶላሩም ወሬ ሁሌ አለ። የአሜሪካኖቹ እጅ ይረሳል። ቡሽ የሚኒሶታ ሴናተር የነበረውን ሩዲ ቦሽዊትዝን፣ አይሁዳዊ ነው፣ ምርጫ ተሸንፎ ከሴኔት ገና መውጣቱ ነበር፣ የግል መልእክተኛው አድርጎ አዲስ አበባ ላከው፣ በመጨረሻም ለተጠባባቂው ፕሬዝዳንት ለተስፋዬ ገብረ ኪዳን ደብዳቤ ጻፈ። እዚህ ጋ ሊየዘንና ውሳኔ አንድ ላይ ይገጥማሉ፣ ማህበረሰቡ የጠየቀውን ያደረሰው ሰውና የተደራደረው ሰው ሩቅ አይደሉም፣ እንዲህ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደለም።

እንግዲህ በዛው አመት፣ አራት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1991፣ ያው ቡሽ ለእስራኤል የ10 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስትና ይዘግይ ብሎ ከ1 ሺ በላይ የማህበረሰቡ ሰው ኮንግረስ ሊያግባባ በመጣበት ቀን ጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ እኔ እዚህ ብቻዬን የቀረሁ አንድ ምስኪን ሰው ነኝ ብሎ ተናገረ። ማህበረሰቡ ክፉኛ ተቀየመ። 1988 ላይ 35 በመቶ ገደማ የነበረው የአይሁድ ድምፁ 1992 ላይ 11 በመቶ አካባቢ ወረደ። በሜይ ያመሰገኑት ሰዎች በሴፕቴምበር ምን ብለው እንደጻፉለት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ የሚቻለው እዚህ ቤት ነው፣ እኔ እንደዚህ አይነት ፋይል ሌላ ቦታ አላየሁም።

የተከፈተው ገጽ አይበዛም፣ በፎያ ስለሆነ ቀዳዳ ይበዛዋል። በጎ ጎኑ ደግሞ ቡሽ ከመሪዎች ጋር ያደረገው ውይይትና የስልክ ንግግር ማስታወሻ ሚስጥርነቱ ተነስቶ በፒዲኤፍ ተጭኗል፣ አልጋችሁ ላይ ተኝታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ከእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሻሚር ጋር ያለውን በ1991 ከላይ እስከ ታች እዩት።

ክሊንተንና ከዛ ወዲህ ያሉት

ባጭሩ ልለፈው። ሊትል ሮክ ያለው የክሊንተን ላይብረሪ በዲጂታል ጥሩ ነው፣ በፎያ የተከፈተውን ብዙውን ስካን አድርጎ ያወጣል፣ እንደ ጄይ ፉትሊክ ያሉ ሊየዘኖቹን በስም መፈለግ ይቻላል። ግን እዚህ ጋ ኢሜል መጣ፣ የክሊንተን 20 ሚሊዮን፣ የልጅየው ቡሽ 200 ሚሊዮን፣ የኦባማ 300 ሚሊዮን ይባላል፣ ይሄን ሁሉ ማን አንብቦ ይከፍታል? የልጅየው ቡሽ ዳላስ ነው፣ የኦባማ ደግሞ እንደሌሎቹ ወረቀት የሚነበብበት ላይብረሪ የለውም፣ ብዙው ዲጂታል ሆኖ በቤተ መዛግብቱ ስር ነው። ዋይት ሀውስ ውስጥ የሀኑካ ግብዣ ከ2001 ጀምሮ ስለሚደረግ የእንግዳ ዝርዝር ይበዛል፣ በሱ ላይ ደግሞ የሰው ልደት ቀንና የመታወቂያ ቁጥር ስላለ ጥቁር ቀለም ይበዛበታል። ጋዜጠኛ ካልሆናችሁ በቀር እዚህ አትጀምሩ።

ትሩማንን ለሚፈልግ (ኢንዲፔንደንስ፣ ሚዙሪ) ግን ቀላሉ እሱ ነው፣ እስራኤል ሜይ 14 ቀን 1948 ከታወጀች 11 ደቂቃ በኋላ እውቅና የሰጠበት ጉዳይ ሰነድ ተመርጦ ኦንላይን ተቀምጧል፣ ጉዞም አያስፈልግም።

የማህበረሰቡ ወገን፦ ኒውዮርክና ሲንሲናቲ

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመንግስት ፎልደር ውስጥ ያለው መንግስት ስለ ማህበረሰቡ የጻፈው ነው። የተላከውን ደብዳቤ ታገኛላችሁ፣ ደብዳቤውን ከመላካቸው በፊት እርስ በርስ የተጨቃጨቁትን ግን አታገኙም። በቤተ እስራኤል ጉዳይ ደግሞ ጭቅጭቁ ነው ታሪኩ። የኢትዮጵያ አይሁዶች የአሜሪካ ማህበርን ግሬነም በርገር 1974 ላይ ሲያቋቁመው ትልልቆቹ የአይሁድ ድርጅቶች "በዝምታ እየተሰራ ነው፣ አትጩሁ" ይሉ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ሰው እየሞተ ዝምታ ምንድነው እያሉ ይጮሁ ነበር። በዝምታው ወገን ያለውም ሰው ሞኝ አልነበረም፣ የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ፌብሩዋሪ 1978 ላይ ከኢትዮጵያ ጋር ያለውን የመሳሪያ ነገር በአደባባይ ሲናገር የተጀመረው ትንሽዬ ጉዞ ወዲያው ነው የተዘጋው፣ ኦፕሬሽን ሙሴም በወሬ ነው የቆመው። ይሄን ክርክር በሁለቱም ወገን አፍ የምታነቡት የማህበሩ ወረቀትና የበርገር የግል ወረቀት ባለበት በአሜሪካ አይሁድ ታሪክ ማህበር ነው፣ ማንሃተን 16ኛው መንገድ ላይ። የታሪክ ማህበሩ የተመሰረተው 1892 ነው፣ ልምድ አለው። የትልልቆቹ ድርጅቶች ወረቀትም፣ ለምሳሌ የአሜሪካን ጁዊሽ ኮንግረስ፣ እዛው ቤት ስለሆነ ከሳሽና ተከሳሽን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ታነባላችሁ።

ሲንሲናቲ ያለው የአሜሪካ አይሁዶች ቤተ መዛግብት (1947 ላይ የተመሰረተ) የአለም አይሁድ ኮንግረስን ፋይል ይዟል፣ አውሮፓንና ጦርነቱን ለሚያጠና ነው የሚሻለው።

እስራኤል ላላችሁት ደግሞ አትላንቲክን ከመሻገራችሁ በፊት የእስራኤል መንግስት ቤተ መዛግብትን እዩ፣ ስካን አድርጎ ኦንላይን ነው የሚያቀርበው፣ እየሩሳሌም ያለው የጽዮናውያን ማእከላዊ ቤተ መዛግብት ደግሞ የሶክኑት (የአይሁድ ኤጀንሲ) ወረቀት አለው። ዕብራይስጥ ለምታነቡ ልጆች ይሄ ትልቅ ብልጫ ነው፣ አሜሪካ ያለው ተመራማሪ አብዛኛው አያነብም።

ቤት ሆናችሁ የምትሰሩት

ስቴት ዲፓርትመንት የሚያሳትመው የውጭ ግንኙነት ሰነዶች ስብስብ ነፃ ነው፣ የካርተር ዘመን የአፍሪካ ቀንድ ጥራዝ ወጥቷል፣ የአረብና እስራኤልም እንደዛው። ሲአይኤ 2017 ላይ 930 ሺ ገደማ ሰነድ ኦንላይን ጭኗል። እነዚህን ሳታዩ ቲኬት መቁረጥ የእህል ዋጋ ሳይጠይቁ መርካቶ እንደመውረድ ነው።

ሰርች ስታደርጉ አንድ የሚያም ነገር አለ። "ቤተ እስራኤል" በእንግሊዝኛ ብትጽፉ ከምኩራብ ስም በቀር ምንም አይመጣም ማለት ይቻላል፣ አሜሪካ ውስጥ በዛ ስም የሚጠሩ ምኩራቦች ሞልተዋል። ያኔ ፈረንጆቹ የሚጽፉት "ፈላሻ" ብለው ነው። ስድብ መሆኑን እናውቃለን፣ ማንም እንዲጠራበት አንፈልግም፣ ግን የ1984 ሜሞ የሚገኘው በዛ ቃል ነው፣ በነጠላም በብዙ ቁጥርም ሞክሩት፣ ከዛ "የኢትዮጵያ አይሁዶች" የሚለውን። ካልመጣ "ሱዳን፣ ስደተኞች" በሉ፣ ሚስጥር ስለነበረ ሆን ብለው ስማቸውን ሳይጠሩ የጻፉት አለ።

ፎልደር ከፍታችሁ ወረቀቱ በወጣበት ቦታ ቅጽ ካያችሁ ደግሞ አትናደዱ፣ አንብቡት። ወረቀቱ የማን ነው፣ ለማን፣ በስንት ቀን፣ ስንት ገጽ የሚለውን ይነግራችኋል፣ ይሄ ራሱ መረጃ ነው። ፒ1 ካለ ሚስጥር ነው፣ ሚስጥርነቱ እንደገና ይታይ ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ፒ5 ካለ የምክር ሜሞ ነው፣ 12 አመት ካለፈ ይሄ ምክንያት አይሰራም፣ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። ፒ6 የሰው ግላዊ ጉዳይ ነው፣ እሱን ተዉት።

ታዲያ የቱ?

ለልጁ ያልኩት እንዲህ ነው። ሁለት ሳምንት ቤትህ ቁጭ ብለህ የቡሽን ፒዲኤፍና የውጭ ግንኙነት ጥራዙን ጨርስ። ከዛ ያለህን አንድ ሳምንት ለኒውዮርክ ስጥ፣ ወላጆችህን ለማስወጣት የተጨቃጨቁት ሰዎች ያሉት እዛ ነው፣ ከነሱ ወረቀት ላይ ዋይት ሀውስ ውስጥ ማንን በየትኛው ቀን እንዳገኙ ጽፈህ ያዝ። ያንን ቀንና ስም ይዘህ ለኮሌጅ ስቴሽንና ለሲሚ ቫሊ ኢሜል አድርግ፣ ቀንና ስም ያለው ጥያቄ አርኪቪስት ይወዳል፣ "ስለ አይሁዶች ያላችሁን" የሚል ጥያቄ ግን ማንም አይወድም። የተከፈተ አለ ካሉህ በሚቀጥለው አመት ትሄዳለህ፣ የለም ካሉህ ዛሬውኑ ፎያ አስገባ፣ ወረፋው አንተ ስትተኛም ይሄዳል። ዲግሪው ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ቢሆን ኖሮ ግን አትላንታ እልከው ነበር፣ አስቤበትም አይደለም።

ልጁ መጀመሪያ አኮረፈ፣ ካሊፎርኒያ ማየት አምሮት ነበር መሰለኝ። ኋላ ግን የኒውዮርኩን ቆረጠ።

የምትሄዱ ሰዎች ቀጠሮ ቀድማችሁ ያዙ፣ አንዳንድ ቦክስ ሌላ መጋዘን ሊሆን ስለሚችል የምትፈልጉትን ቁጥር በኢሜል ላኩ። የፕሬዝዳንት ላይብረሪ ሙዚየሙ ያስከፍላል፣ የንባብ ክፍሉ ግን ነፃ ነው፣ በር ላይ "ለምርምር ነው" በሉ። እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ፣ ቦርሳ ሎከር ውስጥ፣ በስልክ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይቻላል ግን ጠይቁ። ስታነሱ ከወረቀቱ በፊት የቦክሱን ቁጥርና የፎልደሩን ስም አንሱ፣ እኔ 400 ፎቶ ከየት ቦክስ እንደመጣ ሳላውቅ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ሹራብም ያዙ፣ ለወረቀቱ ብለው ኤሲውን ከፍተው ነው የሚውሉት።